ሦስት ጊዜ የመረቅሁት ስም

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው። ይህን የምናገረው ለመኩራራትም ለማዘንም አይደለም። ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ፣ መብራትና ቬንትሌተር የሚሸጥ ሰው፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከካርቶን በቀር የሚያነበው ነገር የለውም። በቀትር ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን፣ እኔ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ሙሉውን ካርቶን አነባለሁ።

እንዲህ ስል ነው የእንግሊዝኛ ቃል ጭራ እንዳለው የደረስኩበት። ራሱን ባታውቀው እንኳ ጭራውን ካየህ ጠባዩን ትገምታለህ። መጨረሻው ላይ «ብል» ካለ ይቻላል ማለት ነው፤ ሪቻርጀብል ሲሉህ ቻርጅ መደረግ የሚችል። «ፕሩፍ» ካለ አይገባውም፤ ዋተርፕሩፍ፣ ውኃ የማይገባው። ሚስቴ አስካለ ይህን ካስረዳኋት ቀን ጀምሮ እኔን ምክር ፕሩፍ ትለኛለች። «ኧር» ካለ ሠሪው ራሱ ነው፤ ቻርጀር፣ ሚክሰር፣ ስፒከር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን «ለስ» ነው። የሌለው ማለት ነው። ዋየርለስ፣ ሽቦ የሌለው። ስሊቭለስ፣ እጅጌ የሌለው። ልብ በሉልኝ፤ ከዕቃው ላይ አንድ ነገር ቆርጠው ባስቀሩ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ሽቦ ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ማንም ይገዛዋል፤ ሽቦውን ያጣ ዕለት በመስተዋት ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እኔም ፀጉሬ ሙሉ በነበረ ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አያየኝም ነበር፤ ዛሬ ከፊት እስከ ኋላ ከጠራ ወዲህ ጋሼ የማይለኝ የለም።

አንድ ቀን አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቻርጀር ሊገዛ መጥቶ ይህን ሁሉ ስተነትን ሰማኝ።

«እሱ እኮ ባዕድ መድረሻ ነው የሚባለው» አለኝ።

«ባዕድ ከሆነ ምን ሊሠራ ከቃሉ ቤት ገባ?» አልኩት።

ቻርጀሩን ገዝቶ ሄደ። በዋጋውም አልተከራከረኝም።

ሁለተኛው ትምህርቴ የሰው ስም ነው። የኛ ከተማ ለዚህ የተመቸች ናት። አንድ ጠዋት ሱቄ በር ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በዐረብኛ የተሰየመ ሰው ያልፋል። እኔ ሁሉንም እጠይቃለሁ፤ ፍቺውንም አልረሳም። ዕቃ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አላፊ ነው፤ ስሙን ከነገረህ ግን ግማሽ እንግዳህ ሆኗል፣ ባዶ እጁን ለመሄድ ያፍራል።

«ማን ልበል?»

«ጫልቱ።»

«ጫልቱ ማለት የበለጠች ማለት ነው። የበለጠች ልጅ ደግሞ ይቺን ተራዋን አትይዝም፤ ያቺን አምጪልኝ ትላለች።»

አንዱ የሶማሌ ጎረምሳ ደግሞ ሮብሌ እባላለሁ አለኝ። ዝናብ ይዞ የመጣ ማለት ነው። «ዝናብ ይዞ የሚዞር ሰው ዋተርፕሩፍ ስልክ መያዣ ሳይኖረው እንዴት ከቤት ይወጣል?» አልኩት። ሳቀና ሁለት ወሰደ፤ አንዱን ለወንድሙ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ብልህ መሆኔን እንድታምኑልኝ ነው፤ ካመናችሁኝ በኋላ መውደቄ ይጣፍጣችኋል።

በታይዋን ገዢ ዋጋ ተከራክሮ፣ ተቆጥቶ፣ ሄዶ፣ ተመልሶ፣ ከተስማማ በኋላም ዕቃውን ይዞ አይሄድም። ቆሞ «መርቅልኝ» ይላል። ምርቃት ካላገኘ የተበላ ይመስለዋል። እና ጥሩ ነጋዴ የሚመርቀውን ይመርጣል፤ ለተቀባዩ ብዙ የሚመስል፣ ከሰጪው ምንም የማያጎድል ነገር መሆን አለበት። አንዱ ባትሪ ይመርቃል፣ ሌላው የስልክ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ላስቲክ። እኔ ግን በወጣትነቴ ከሁሉ የሚሻለውን አገኘሁ። ስም። ስም ከመጋዘን አይወጣም፣ ጉምሩክ አያውቀውም፣ ፀሐይ አያበላሸውም።

መጀመሪያ የመረቅሁት የገዛ ልጄን ስም ነበር። ያኔ ሱቅ አልነበረኝም፤ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቼ ነበር የምሸጠው። አሁን ያለሁበትን ሱቅ አንድ ሽማግሌ ሊያከራዩኝ አልፈለጉም፤ ፊቴ የሚቆይ ሰው ፊት አይመስልም ብለው። ሦስት ቀን ስመላለስ አስካለ ሆስፒታል ተኝታ ሴት ልጅ ወለደችልኝ። በሦስተኛው ቀን «አባባ፣ ትናንት ልጅ ተወልዳልኛለች፤ ስሟን እርስዎ ያውጡልኝ» አልኳቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ሁለት ነገር ሰጡኝ፤ የሱቁን ቁልፍና የሟች እናታቸውን ስም።

ብዙነሽ።

የሰፈሩ እኩዮቿ ሳሮን፣ ሄለንና ቤቲ ሲሆኑ የኔ ልጅ ብዙነሽ ሆነች። ትምህርት ቤት አዲስ አስተማሪ ስም ሲጠራ በሩን በሩን ያያል፤ ከዘራ የያዙ ባልቴት የሚገቡ እየመሰለው። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት እናቷ የስሙን አመጣጥ ነገረቻት። ልጄ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሱቅ መጥታ ቆመችና «ቁልፉ አሁንም ይሠራል?» አለችኝ።

«ይሠራል።»

«ጥሩ» አለችና ሄደች።

ልጄ እንዲህ ናት። ጭቅጭቅ ቢሆን እችለው ነበር፤ በሙያዬ ነው።

ብዙነሽ አድጋ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የተሰፋ ልብስ እንከን ፈላጊ ሆና ተቀጠረች። የአንዲት ክር መላላት ከሩቅ ይታያታል። ዳንኤል የሚባል ዝምተኛና ጨዋ ልጅ አግብታ ከዚራ ሰፈር ገባች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ላይ አንድ ቀን ሱቄ መጣች፤ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ቬንትሌተሩን ወደ ራሷ አዞረች።

«አባዬ፣ የልጁን ስም አንተ አውጣ።»

«እኔ?»

«አንተ። የድሬን ሰው ስም ሁሉ ስትፈታ ትውላለህ፤ ለኔ ልጅ አንድ ታጣለህ?»

በደስታ የቬንትሌተሩን ፍጥነት ጨመርኩላት። እሷ ግን አልጨረሰችም።

«ግን ቁጭ ብለህ አስበህ። እኔ የሰው እናት ተሸክሜ ነው ያደግሁት። የልጄ ስም ለልጄ ተብሎ የታሰበ ይሁን። ለማንም እንዳትሰጥብኝ።»

«በእናቴ ስም …»

«በእናትህ አትማል፤ እሷንም ታከራያታለህ።»

አልማልኩም። ቃል ግን ገባሁ። ያን ቃል ስገባ ከልቤ ነበር፤ ችግሩ አፌ ከልቤ ቀድሞ ሱቅ የሚከፍት መሆኑ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የዳንኤል አባት ጋሽ ተፈራ ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጡ። ጋሽ ተፈራ የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ለጸሎትና ለሾርባ ብቻ ነው። ሰውን ሁሉ በባቡሩ ፈረንሳይኛ ሙሴ፣ ጌታዬ፣ ብለው ይጠራሉ። በመጀመሪያ ልጅ ሴቷ በወላጆቿ ቤት መታረስ አለባት የሚለውን ልማድ ያውቁታል፤ ግን የከዚራው ቤታቸው ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግቢው ዛፍ የበዛበት ስለሆነ ምራቴ እዚያ ትታረስ አሉ። ሁለት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ተሸነፉ፤ ክርስትናውም በኛ ቤት እንዲሆን ተስማሙ። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ በር ላይ ደረሱ፣ ቆሙ።

ያን አቋቋም አውቀዋለሁ። ገዢ ዕቃውን ይዞ፣ ዋጋ ቆርጦ፣ የሚቆመው አቋቋም ነው።

«ስሙን ደግሞ እርስዎ ያወጡልናል» አለ አፌ።

«ሙሴ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ሴት ከሆነች ማርጎ ናት። ልጅ ሳለሁ የባቡር ዲፖው ፈረንሳዊ ሹም ሚስት ስም ነበር። ዕንቁ ማለት ነው። ያኔ አድጌ ስወልድ ለሴት ልጄ አወጣዋለሁ ብዬ ነበር፤ እግዜር አራት ዳንኤሎች ሰጠኝ።»

አራቱም ዳንኤል አይባሉም፤ ግን ገባኝ።

የልጅ ልጄ ስም ሁለተኛው ምርቃት በግንቦት ሙቀት መጣ። መብራት እየጠፋ፣ ሰው በካርቶን ክዳን እያራገበ በሚውልበት ሳምንት ለኤዶ ሆዳን የሪቻርጀብል ቬንትሌተር ጭነት ገባላት። ኤዶ ሆዳን የታይዋን ግማሽ ሱቅ ዕቃ የሚወስድባት የሶማሌ ጅምላ ነጋዴ ናት፤ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላት ዘመዷም ባዳዋም ነው። መጋዘኗ በር ላይ አሥራ ምናምን ነጋዴ ተሰልፏል። መጀመሪያ የወሰደ ሰው ያን ሳምንት ከተማውን ብቻውን ያቀዘቅዛል።

«ዋርያ፣ እነዚህም ሰዎች ናቸው» አለችኝ፤ ዋርያ በሶማልኛ አንተ ሰውዬ ማለት ነው። «አንተን ለምን ላስቀድም?»

አንድም ምክንያት አልነበረኝም። አፌ ግን ነበረው።

«ልጄ ልትወልድ ነው። ሴት ከሆነች ስሟን ኤዶ ሆዳን ናት የምታወጣው ብዬ ወስኛለሁ።»

እንደ ቀልድ ትወስደዋለች ብዬ ነበር። እሷ የደረሰኝ መጻፊያዋን አስቀመጠች።

«ስድስት ወንድ ወለድኩ» አለች ቀስ ብላ። «የእናቴን ስም የማወጣላት አንድ ሴት አጣሁ። ኡባህ ነበር ስሟ። አበባ።» ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ «ለዚህ ሰውዬ መጀመሪያ ጫኑለት» አለች።

ያን ቀን ቬንትሌተሮቹን ስጭን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳትኩ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ሦስተኛው ላይ ምክንያት እንኳ የለኝም። ብዙነሽ በሰላም ተገላገለች፣ ሴት፣ ጥቁር ፀጉር የሞላባት። ማግሥቱን ሱቅ ስገባ ጎረቤቴ ኢብሮ እንኳን ደስ ያለህ ሊለኝ መጣ። ኢብሮ ብርድ ልብስና ጨርቅ ይሸጣል፤ የሱ ሱቅ ጥግ ላይ ስለሆነ እስከ አሥር ሰዓት ጥላ አለው። የኔ ጠረጴዛ ፀሐይ ላይ ነው። ዓመታት ለምኜዋለሁ።

«አቦ፣ ዛሬ አያት ሆነሃል፤ አያት ፀሐይ ላይ አይቀመጥም» አለና ጠረጴዛዬን በገዛ እጁ ወደ ጥላው ሳበልኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ቆሞ ፈገግ አለ ብቻ።

ሰው በነፃ ሲሰጠኝ አልችልም። የሆነ ነገር መመለስ አለብኝ።

«ስሟን አንተ ነህ የምታወጣላት፣ ኢብሮ።»

«ወላሂ በል።»

«እኔ እንዲህ ባለ ነገር አልቀልድም።»

«ቦንቱ» አለ ሳያስብ። «ኩሩ። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ላይ ትጠልፍላታለች።»

እንግዲህ ሦስት ሆኑ። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የልጄ ልጅ ስም አልነበራትም። ቤት ውስጥ ሚጢ እንላታለን። የለስ ሕግ የሠራልኝም ያኔ ነው። ስም የሌላት ልጅ ዋጋዋ ከቀን ቀን ጨመረ። ኤዶ ሆዳን ለአራሷ የግመል ወተት ትልካለች፤ ኢብሮ ጨርቅ፤ ጋሽ ተፈራ በየእሁዱ ፓፓያ ተሸክመው በባጃጅ ይመጣሉ። እያንዳንዳቸው ሲወጡ በጆሮዬ የየራሳቸውን ስም ሹክ ይሉኛል፤ እኔም በዓይኔ እጠቅሳለሁ። ቢቻል ልጅቷ ዐሥር ዓመት እስኪሞላት ስም ባይወጣላት ደስ ባለኝ።

ብዙነሽ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች።

«አባዬ፣ ስሙ ከምን ደረሰ?»

«እየበሰለ ነው።»

«እሳቱን ስንት ሰው ነው የሚቆሰቁሰው?»

ሙቀቱን አሳበብኩ።

ሰባ አምስተኛው ቀን ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሲነጋ ሱቅ ሄጄ የሪቻርጀብሉን ካርቶን አውጥቼ አፍጥጬ አየሁት። እንግሊዞች እንዴት አደረጉ? «ሪ» ከፊት፣ «ቻርጅ» ከመሐል፣ «ብል» ከኋላ። ሦስት ቁራጭ፣ አንድ ዕቃ፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። እኔስ? ከማርጎ ራሱን፣ ከቦንቱ ወገቡን፣ ከኡባህ ጭራውን ወሰድኩ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራጭ እየሰማ ይደሰታል። ቤት ሮጥኩና አስካለን ከሽንኩርቷ ላይ አስነሣኋት።

«ማርቦንባህ» አልኳት።

አስካለ ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ።

«በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚዋጠው?»

«ስም ነው።»

«ከምግብ በፊት ነው በኋላ?»

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። በጣቷ ቆጠረች።

«ሦስት?»

«ሦስት ብቻ።»

«ለኔ ስሙን ቃል ሳትገባልኝ የቀረኸው ምነው?»

«አንቺ የምትሰጪኝ ምን አለሽና?» አልኩ። ይህን ስል በውስጤ ቀልድ ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን እንደዚያ አልሆነም። አስካለ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሦስት ቀን ሻይዬ ስኳርለስ ሆነ፤ በዚህኛው ለስ ዋጋው ሲጨምር አላየሁም።

ሰማንያኛው ቀን ደረሰ። በጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄደን ልጅቷ ተጠመቀች፤ የክርስትና ስሟን ቄሱ ሰጧት። እሱን ለማንም ቃል ያልገባሁት እጄ ስላልደረሰበት ብቻ ነው። ከቀትር በፊት ሳቢያን ግቢያችን ድንኳን ተተክሎ፣ በአንድ በኩል የኛ ድስት፣ በሌላ በኩል ኢብሮ አርዶ ባለቤቱ የሠራችው የሙስሊሞቹ ድስት ተጥዶ፣ እንግዳ መግባት ጀመረ። የዓለም ስሟን ምሳ ላይ አያቷ እንዲናገር ነው የሚጠበቀው። አያቷ በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል።

መጀመሪያ ጋሽ ተፈራ ትልቅ ኬክ አስይዘው ገቡ። ክዳኑን ሲከፍቱት በሮዝ ክሬም በፈረንጅ ፊደል ማርጎ ተብሎ ተጽፎበታል፤ መጨረሻው ላይ የማትነበብ አንዲት ፊደል አለች። ለዚህ ነው ከፈረንሳይኛ ይልቅ እንግሊዝኛን የመረጥኩት፤ እንግሊዝኛ የከፈልክበትን ጭራ ያስነብብሃል። «ክሬሙ ይቀልጣል፣ ጋሽ ተፈራ» ብዬ ነጥቄ መኝታ ቤት አስገባሁት፤ ሚጢ የተኛችበት ክፍል፣ ቬንትሌተሩ ፊት ለፊት።

ስወጣ ኢብሮ ከነሚስቱ ገባ። ብርድ ልብሱ ዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ ክር ቦንቱ ተብሎ ተጠልፎበታል። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ጋሽ ተፈራ ተቀምጠዋል።

«ኢብሮ፣ አሁኑኑ ልጅቷን ላልብሳት» አልኩ።

«በዚህ ሙቀት?»

«በርዷታል።»

ድሬዳዋ ውስጥ፣ በነሐሴ ቀትር፣ ልጅ በርዷታል ያለ ሰው ከኔ በፊት የለም። ኢብሮ ትከሻውን ነቀነቀና ሰጠኝ። እግሯ ላይ ብቻ ጣል አድርጌባት ወጣሁ። እስካሁን ድረስ ጥሩ እየሄደ ነው ብዬ አሰብኩ። ነጋዴ ነኝ፤ ሁለት ገዢ በአንድ ሱቅ ውስጥ እንዳይተያዩ ማድረግ አውቅበታለሁ።

ሦስተኛዋ ግን በበሩ አልገባችም ማለት ይቻላል። ከድንኳኑ በስተጀርባ ባጃጅ ቆመና ኤዶ ሆዳን በጓሮ በኩል፣ ከሴቶቹ ጋር ሰላም ሰላም እያለች፣ በቀጥታ አራሷ ጋ ገባች። የወርቅ ሐብል ይዛ ነበር፤ መሐሉ ላይ ኡባህ ተብሎ የተቀረጸበት ትንሽ አበባ አለው። በገዛ እጄ አንገቷ ላይ ላድርግላት ብላ ወደ ሕፃኗ ጎንበስ ስትል ያየችውን እኔ ያወቅሁት ስትወጣ ነው።

በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ቆመች። በአንድ እጇ ሐብሉ፣ በሌላው የብርድ ልብሱ ጫፍ። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ጅምላ ነጋዴ አይጮህም።

«ዋርያ፣ እዚህ ቤት ስንት ልጅ ነው የተወለደው?»



«አንድ መስሎኝ» አለ ኢብሮ።

«አንዷ ማርጎ ናት፣ ኬክ አላት» አለች። «አንዷ ቦንቱ ናት፣ ብርድ ልብስ አላት። የኔዋ ኡባህ የት ነው የተኛችው?»

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጸሎትም ሾርባም አልነበረም። ኢብሮ እኔን አየኝ፣ ጠረጴዛዬን በእጁ የሳበበትን ቀን እያሰበ መሰለኝ። ማርቦንባህ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ፤ አስካለ ከድስቱ ጋ ሆና በጭልፋ አስጠነቀቀችኝ፣ ዋጥኩት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ።

«እኔ …» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌ ሱቁን ዘጋ።

ያኔ ብዙነሽ ሚጢን ታቅፋ ወጣች። ከኋላዋ ዳንኤል አንድ ፖስታ ይዟል። ልጄ ቀጥታ ኤዶ ሆዳን ጋ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

«ኤዶ፣ አባቴ ቃል ሲገባልሽ እውነቱን ነበር። ለሦስታችሁም እውነቱን ነበር። እሱ ሲሰጥ ከልቡ ነው፤ የሚሰጠው ነገር የሱ አለመሆኑ ነው ችግሩ።» ከዚያ ወደ ሰው ዞረች። «ልጄን ክትባት ላስከትብ የወጣሁ ቀን ከዳንኤል ጋር ቀበሌ ገብተን አስመዝግበናታል። ስሟ የኔነሽ ነው።»

ዳንኤል ፖስታውን ለአባቱ አቀበለ።

«አባዬን ሳውቀው ነው የኖርኩት» አለች። «ቢሆንም እስከ አርባ ቀን ጠበቅሁት። ከዚያ በኋላ ጓዳዬ የገባው ወተትና ፓፓያ በዛብኝ።»

ወደ ፊቴ አላየችም። ይህንን ነው ያልቻልኩት፤ የጨርቅ እንከን አይታ ወደ ጎን እንደምታስቀምጠው ነበር።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልተመረቀም። ግን በድሬ በአንድ ስም ብቻ የሚጠራ ልጅ የለም። ኤዶ፣ ኡባህ ብለሽ ስትጠሪያት ዞራ እንድታይሽ አስተምራታለሁ። ይኼን ቃል የምገባልሽ እኔ ነኝ።»

ኤዶ ሆዳን የብርድ ልብሱን ጫፍ ለቀቀች። ከዚያ ሐብሉን ሕፃኗ አንገት ላይ አሰረችላትና በሶማልኛ የሆነ ነገር በጆሮዋ አወራቻት፤ ረጅም ወሬ ነበር፣ ከእናቷ ጋር የምታወራ ነበር የሚመስለው። ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።

«ልጅህ ነጋዴ ናት» አለችኝ። «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ነህ።»

ኢብሮ ብርድ ልብሱን አልወሰደም፤ «ቦንቱም ትሆናለች፣ ፊቷ ያስታውቃል» አለ። ከዚያ ወንበሩን ከኔ አርቆ ሳበ። የጠረጴዛዬም ዕጣ ገባኝ። ጋሽ ተፈራ ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው ከፖስታው የወጣውን የልደት የምስክር ወረቀት አነበቡ።

«የኔነሽ ዳንኤል ተፈራ» አሉ፣ ሦስተኛው ስም ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እንዲያውም እኔ ራሴ አለሁበት። ማርጎ ኬኩ ላይ ትብቃ።» የኬኩ ክሬም ቀልጦ ማ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱኑ በደስታ ቆረሱት።

ሰዉ ሲስቅና ሲበላ እኔ ወረቀቱን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅ በአባቷ፣ አባቷ በአባቱ ነው የሚጠራው፤ ይህን ማን አያውቅም? ጋሽ ተፈራ ቃል ባይገባላቸውም እዚያ ነበሩ። የእናቷ አባት ግን በስሟ መስመር ላይ ቦታ የለውም። ያ መጀመሪያ የሚጻፈው ስም ብቻ ነበር የኔ ቦታ፤ ልጄ አውጥታ በእጄ የሰጠችኝ። እሱን ነው ለቬንትሌተርና ለጥላ ሦስት ጊዜ የመረቅሁት። ስንት ስም ፈታሁ ስል የኖርኩት ሰው ይቺን አንዲት ነገር ሰማንያ ቀን ሙሉ አላሰብኳትም።

ብዙነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ ዝቅ አድርጋ አንድ መስመር አሳየችኝ። የእናት ሙሉ ስም ይላል። ብዙነሽ፣ ከዚያ የኔ ስም። አለሁ ለካ። በአከራዬ እናት ስም ጭራ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ልክ እንደ ብል፣ ልክ እንደ ለስ።

«አየኸው?» አለችኝ።

«አየሁት። ባዕድ መድረሻ ነኝ።»

ሳቀች። ከእርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ወዲህ ስትስቅልኝ ሳያት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነበር። ሚጢን፣ ይቅርታ፣ የኔነሽን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ቁልፉ አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ጥሩ። ነገ ባርኔጣ ይዘህ ሂድ።»

እውነቷን ነው፤ ማግሥቱን ስደርስ ጠረጴዛዬ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ከኢብሮ ጥላ አንድ ክንድ ርቆ፣ በጥንቃቄ ተጠርጎ። ባርኔጣዬን ደፍቼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ቻርጀር ይዛ ተከራክራ፣ ተቆጥታ፣ ሄዳ፣ ተመልሳ ገዛች። ከዚያ ቆመችና «መርቅልኝ» አለች። ነፍሰ ጡር ነበረች።

አፌ ሊከፈት ሲል ያዝኩት። ከመደርደሪያው አንድ ደህና የቻርጀር ገመድ አውርጄ መረቅሁላት። ከስም ይረክሳል።